የዘንገና አየር ጥፋት አልነበረበትም

የመምህር ይሁኔን ሞት የሰማሁት ድንች ተሸክሜ ቆሰበር ገበያ ስገባ ነው። መርዶውን የነገሩኝ አያ ሙላት ናቸው።

«ስመኝ፣ ሰውየው አረፉ አሉ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁም። አያ ሙላት ከዘንገና ሐይቅ ማዶ፣ እኔ ከሐይቁ ወዲህ ሆነን የአንድ ሰው ዕቃ ስንጠብቅ ከርመናል። በእኔና በእርሳቸው መካከል «ሰውየው» ከተባለ መምህር ይሁኔ ናቸው።

«መቼ?»

«ትናንት፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት። ኩላሊታቸው ነው አሉ። ቀብሩ ነገ ዳንግላ ነው። ድንቹን አውርጂው እንጂ፣ ወገብሽን ትጎጃለሽ።»

አላወረድኩትም። ሸክሜን ይዤ እንደቆምኩ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ልነግራቸው አልችልም። እንባው የመጣው ዘግይቶ፣ ወደ ቤት ስመለስ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ገና አፌን ሳልከፍት ፊቴ ይግላል። መጻፍ ግን ይሻለኛል። መጻፍን ያስለመዱኝም እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

መምህር ይሁኔ የዳንግላ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ያንኑ አመድማ የዝናብ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ከሽማግሌ ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከመሣሪያዎቻቸው ጋር ደግሞ ብቻቸውን ያወሩ ነበር። ሲሄዱ ቀኝ መዳፋቸውን ከፍተው ቀጥ፣ ጋደም፣ ዘንበል ያደርጉታል። ገበያ መካከል እንዲህ ሲያደርጉ ያየ ሰው ጤናቸውን ይጠራጠራል። እኔም መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር።

ቤታችን ሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ሐይቁ ክብ ነው፤ ከአንዱ አፋፍ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ማዶ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። በኅዳር ወር አንድ ቀን መምህር ይሁኔ ሣጥን በፈረስ አስጭነው ጓሯችን ገቡ። ከማዶው አፋፍ ጋር በቀጥታ የሚተያይ ቦታ የእኛ ጓሮ ብቻ ነው አሉ። ከሣጥኑ ውስጥ የወጣው በሦስት እግር የሚቆም፣ ጭን የሚያህል ጥቁር ቱቦ ነው። አፉ ላይ መስታወት አለው።

አባቴ ዞር ዞር እያለ አየውና «መምህር፣ ታዲያ ይህ ምን ሊሠራ ነው?» አለ።

«ማዶ ላለው መሣሪያ ብርሃን ይልካል።»

«ማዶ ያለው ባትሪ የለውም?»

መምህር ይሁኔ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። «እንደርስዎ ያለ ጠያቂ ክፍሌ ውስጥ ቢኖር» አሉ።

ለእኔ የነገሩኝ በማግስቱ ማለዳ ነው። ስመኝን አሳጥረው «ስሜ» ይሉኛል። የጓሮው ሣር ጤዛ ይዞ ነበር። «ስሜ፣ በዚህ ሣር ላይ ሌሊቱን ሰው ቢያልፍ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ፤ ጤዛው ይረግፋላ። «ማን እንዳለፈስ?» እሱን አላውቅም አልኩ። «በቃ፣ የእኔ ሥራ ይኸው ነው» አሉ። ሁለት ሰዎች በምስጢር እንዲጻጻፉ ሌላ ሰው ዘንድ የሌለ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። ቁልፉ የቁጥር ቁልፍ ነው። ቱቦው ቁልፉን በብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ግን እንደ ባትሪ አይፈስም፣ ቅንጣት በቅንጣት ይሄዳል። እያንዳንዷ ቅንጣት አቋቋም አላት፤ ቀጥ ያለች፣ የተጋደመች፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለች፣ ወደ ግራ ያዘነበለች። መዳፋቸውን የሚያገላብጡት ለካ ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ሆኖ ቅንጣቷን የሚያይ ሌባ ካለ፣ ያየበት ዓይን አቋቋሟን ያበላሸዋል፤ ልክ እንደ ጤዛው። ከመቶ ቅንጣት ሦስት አራቱ ቢሳሳት የተለመደ ነው፤ ከአሥር ካለፈ ግን ሰው አልፏል ተብሎ ቁልፉ ይጣላል። ስሙ ኳንተም ነው አሉኝ። ስሙን ብትረሺው እንኳ ጤዛውን አትርሺ አሉኝ። ሁለቱንም አልረሳሁም።

ሥራዬ ቀላል ነበር። ጎህ ሲቀድ የቱቦውን ክዳን አነሳለሁ፣ መብሪያውን እጫናለሁ፣ ስልክ ደውዬ «ተከፍቷል» እላለሁ። እርሳቸው ማዶ፣ አያ ሙላት በሚጠብቁት ክፍል ውስጥ፣ ከባልደረባቸው ከመምህርት ሰብለ ጋር ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን ያያሉ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብርሃኗ የእኛን ደቃቅ ብርሃን ስለሚውጠው ከዚያ በፊት እንጨርሳለን። ቀሪው ቀን ጥበቃ ነው፤ ከብት እንዳይገፋው፣ ጦጣ እንዳይጫወትበት።

ደብተር ሰጡኝ። «ያየሽውን ሁሉ ጻፊ። ዶሮ ብታልፍ እንኳ ጻፊ።» ጻፍኩ። ዛሬም እጄ ላይ አለ። «ጭጋግ የለም። ጤዛ ብዙ። ጉሬዛ ጮኸ።» «ነፋስ ትንሽ። ዶሮ በቱቦው ሥር አለፈች።» ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ያነቡታል። ዶሮዋ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኸዋ፣ ሳይንቲስት!» አሉና አባቴን ጠርተው አሳዩት። በዚያ ሳምንት አምስት ጊዜ ስለ ዶሮ ጻፍኩ።

ሥራ ብቻ አልነበረም፤ እንጫወትም ነበር። አንድ ቀን ከማዶ ደውለው «መነጽሩን ያዢና እዪኝ» አሉኝ። ሩቅ የሚያሳየውን መነጽር ዓይኔ ላይ ሳደርግ አፋፉ ላይ ቆመው ነጭ የተቀባ ቀርቀሃ ይዘዋል። ቀጥ አደረጉት። «ቀጥ» አልኩ በስልኩ። አጋደሙት። «ጋደም» አልኩ። ከዚያ አያ ሙላት ከኋላ መጥተው ቀርቀሃውን ይዘው ሲያጣምሙት አየሁ። «አሁን ሌባ ገባ» አልኩ። ማዶ ሆነው ሁለቱም ሲስቁ፣ ስልኩ ሳያስፈልግ ሳቃቸው ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ። ሰው ፊት ቢሆን አልስቅም ነበር።

የሚመኙት ነገር አንድ ነው። ሐይቁን መሻገር መለማመጃ ነው፤ እውነተኛው ሥራ ከላይ ነው ይሉ ነበር። መሣሪያውን ያዋሷቸው የውጭ ሰዎች ከሳተላይት የሚወርደውን ብርሃን የሚቀበል ትልቅ መነጽር የሚተክሉበት ቦታ ይፈልጋሉ። በዘንገና ማዶና ማዶ ቁልፉ ካልተበላሸ ቦታው ዘንገና ይሆናል። ሳተላይቷ በላያችን ስታልፍ ቅንጣቱን ትለቃለች፣ አንዱ ሰው እዚህ፣ ሌላው ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ ቁልፍ ይካፈላሉ። ሌሎች መምህራን ይህን ሲሰሙ አዲስ አበባ እያለ ዘንገና ምን ይሠራል ብለው ያሾፉባቸው ነበር። «የዘንገና አየር ታጥቦ የተሰጣ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ጥርና የካቲት ላይ ከመቶ ሦስት ነበር ስሕተቱ። መጋቢት ላይም ሦስት። እየደወሉ «ዛሬም ሦስት!» ሲሉኝ ልጅ የተወለደላቸው ይመስላሉ።

ግንቦት ላይ ካፊያ ጀመረ። መሣሪያውን ሲሰጡኝ አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ መስታወቱን ጠብታ እንዳይነካው፣ ቢነካውም በጨርቅ እንዳልጠርገው፤ ይጫራል። ዋጋው የእኛን ቀበሌ መሬት ይገዛል ብለው ቀልደው ነበር። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም።

እኛ ቤት ውድ ነገር ይሸፈናል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁልፉን የምንጫነው በላስቲኩ ላይ ነው። የፍራሹም ላስቲክ አልወጣለትም። ሽፋኑ የሚገፈፈው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እንግዳ ፊት ዕቃ ተሸፍኖ ማሳየት ድህነት ይመስላል። ስለዚህ ካፊያው ሲጀምር የብርድ ልብስ መያዣ የነበረውን ላስቲክ ቀደድኩና በቱቦው አፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሬ በጎማ አሰርኩት። ጥርት ያለ ላስቲክ ነው። ቱቦው ወደ ማዶ የሚነጣጠርበት አረንጓዴ ሌዘር ወለል ብሎ ያልፍበታል። ብርሃን ካለፈ ምን ጎደለ?

እንግዶቹ፣ መሣሪያውን ያዋሱት የውጭ ሰዎች፣ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ማለዳ ማዶ ሆነው ቁጥሩን ሊያዩ ነው የመጡት። ሦስቱም ማለዳ አካፋ።

በመጀመሪያው ማለዳ ስልኩ ቶሎ ጮኸ። «ስሜ፣ ዕቃው አልተነቃነቀም?» «አልተነቃነቀም ጋሼ።» ከመቶ ሃያ ሁለት ሆኗል አሉኝ። ድምፃቸው ደርቋል። በሞተር ብስክሌት ዙሪያውን መጡ። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ስሰማ ላስቲኩን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፤ እንግዳ መጣ ማለት ነው። በትንሽ መለኪያ አፉ ላይ ለክተው «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» አሉ። መዳፋቸውን አገላብጠው ተመለሱ። እኔም ካፊያው ስለበረታ ላስቲኩን መልሼ አሰርኩት። ተመልሰው ሲያዩ ሃያ ሦስት።

በሁለተኛው ማለዳም እንዲሁ ሆነ፤ መጡ፣ ለኩ፣ ደህና ነው ብለው ሄዱ። «ቁጥሩ መንገድ ላይ ሰው አለ ይላል» ሲሉ ከእንግዶቹ አንዱ «ማን? ጦጣ?» ብሎ እንደሳቀ በኋላ ሰማሁ። አያ ሙላት ግን አልሳቁም። ዱላቸውን ይዘው ጫካውን ዙሪያውን ሌባ ሲፈልጉ ዋሉ። ማታ እግራቸው በእሾህ ተቧጭሮ መጥተው «ሰው የለም ጌታዬ፣ እኔ በሌለሁበት ካልሆነ» አሏቸው። መምህር ይሁኔ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷቸው።

በሦስተኛው ማለዳ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ እንግዶቹንና መምህርት ሰብለን ይዘው እኛ ጓሮ መጡ። ሰባት ሰው ናቸው። ላስቲኩ የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። መምህር ይሁኔ ከሰዎቹ ፊት አጠገቤ ቆመው፣ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ልመና፣ «ስሜ፣ የነካሽው፣ የጨመርሽው፣ ያነሳሽው ነገር አለ? ትንሽም ቢሆን» አሉኝ።

ላስቲኩ ትዝ አለኝ። አልረሳሁትም፤ እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው የጀመርኩት። ኪሴ ውስጥ በጣቴ ዳሰስኩት። ነገር ግን ያንን የተቦጫጨቀ የብርድ ልብስ ላስቲክ እንግዳ ፊት ማውጣት አፈርኩ። ደግሞም መሸፈን መንካት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«የለም ጋሼ» አልኩ።

«ደብተርሽን አምጪ» አሉ። አመጣሁ። ሦስቱን ማለዳ አነበቡ። «ካፊያ። ጭጋግ ትንሽ። ጉሬዛ የለም። ዶሮ የለም።» ደብተሩን ለእንግዶቹ እያሳዩ «ይህቺ ልጅ ዶሮ ብታልፍ ትጽፋለች» አሏቸው። ስለ እኔ መሰከሩ።

እንግዶቹ የጻፉት ወረቀት የቦታው አየር እርጥበታም ነው፣ ብርሃኑን ያውካል፣ ለሥራው አይመችም የሚል ነው። መምህርት ሰብለ እያነበበች ተረጎመችው። መምህር ይሁኔ «እርጥበት ብርሃኑን ይቀንሰዋል እንጂ አያጣምመውም» አሉ።

«እሺ፣ ያጣመመው ምንድን ነው?» አላቸው አንዱ።

ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነበር፤ የማላውቀውን አላውቅም ማለት ደሞዝ አያስቀንስም ይሉ ነበር፣ እየሳቁ። ያን ቀን «አላውቅም» አሉ፣ ሳይስቁ። ከዚያ የእኛ የውኃ ጀሪካን ላይ ወረቀቱን አስደግፈው ፈረሙ። ያንን አየር ለሰው ሁሉ ሲያመሰግኑ የኖሩት ሰው፣ አየሩ መጥፎ ነው በሚል ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፉ። ክዳኑን ይዤ ቆሜ አየሁ።

መሣሪያው በሳምንቱ ተጭኖ ሄደ። መምህር ይሁኔ ሲሰናበቱኝ ሁለት አውራ ጣት የሚያካክሉ ጠቆር ያሉ ስስ መስታወቶች ሰጡኝ። አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው ሲያዞሩት ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ ድርግም ይላል፤ አንዱ ቀጥ ያለውን ብቻ፣ ሌላው የተጋደመውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው። «ትምህርትሽን ስትቀጥይ መምህርሽን አስቸግሪበት» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ታመው ወደ ባሕር ዳር ሄዱ።

መስታወቶቹ ውድ ናቸው። ስለዚህ ሸፈንኳቸው። በምን? በዚያው ላስቲክ። እርስ በርስ እንዳይጫጫሩ በመካከላቸው እጥፉን አስገባሁና ጠቀለልኳቸው። በነሐሴ አንድ ቀን እንደተጠቀለሉ አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጌ አየኋቸው። ድርግም ማለት ነበረባቸው። አላሉም። በሁለቱ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ፣ ውኃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ። ላስቲኩን አወጣሁት። ድርግም። መለስኩት። በራ። ላስቲኩን ስወጥረው ቀለሙ ተለዋወጠ።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። የተጋደመውን ብርሃን ያዘነበለው ላስቲኩ ነው። ሌባው ጫካ ውስጥ አልነበረም፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስልካቸው ነበረኝ። ደወልኩ፤ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ዘጋሁት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ስዘጋው እርሳቸው መልሰው ደወሉ።

«ስሜ፣ ደህና ነሽ? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነን ጋሼ። እርስዎስ?»

«እየታከምኩ ነው። ኔትወርክ እየቆረጠብሽ ነው መሰል፣ ሦስት ቀን ሙሉ አየሁሽ። ምን ነበር?»

ልነግራቸው የነበረው ሦስት ቃል አይሞላም። እርሳቸውም ጠበቁ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከኋላቸው ነርስ ስም ትጠራለች።

«እንዲያው ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ጭጋግ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም። ጥርት ያለ ነው።»

«አውቄ ነበር» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አልደወልኩም። ሲሻላቸው በአካል ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ።

ወደ ዳንግላ የሄድኩት ከአያ ሙላት ጋር በሚኒባስ ነው። አያ ሙላት ያንን አመድማ ካፖርት ለብሰዋል። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከፊታችን የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። አንደኛው ለጎኑ ሰው «ጎበዝ ሰው ነበር። ዘንገና ላይ ግን ተሳሳተ። የአገሩ ልጅ ስለሆነ አየሩን ወደደው እንጂ አልመዘነውም» አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። በሕይወታቸው ያልመዘኑትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ተናግረው የማያውቁትን ሰው ነው እንዲህ ያሉት። እኔ ይህን ሰምቼ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። እዚያም ዝም አልኩ።

መምህርት ሰብለ ወደ መንገድ ስትወጣ ግን ተከትያት ወጣሁ። ከዛፍ ሥር ሆና ባጃጅ ትጠብቃለች።

«ስመኝ! መጣሽ እንዴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

«ላስቲክ ነበር» አልኳት። መሬት መሬት እያየሁ ነው። «ካፊያ እንዳይነካው ቱቦው አፍ ላይ ላስቲክ አስሬበት ነበር። ሦስቱንም ማለዳ። ጋሼ ሲመጡ እፈታው ነበር።»

ባጃጅ መጣ። ሂድ በሚል እጇን አወዛወዘችለት። መስታወቶቹንና ላስቲኩን ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ ሰማይ አድርጋ አየች። ላስቲኩን አወጣች፣ መለሰች። ደጋግማ ሞከረችው።

«ጠይቆሽ ነበርኮ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ። አንዲት ቃል ብትናገሪ በማግስቱ ደግመን እንልከው ነበር። እንግዶቹ አልሄዱም ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። በማግስቱ እንግዶቹ ቆሰበር ሆቴል ሆነው ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ቀን እንደዋሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ተቆጥታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ «ደብተሩ አለሽ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «ጻፊበትና ስጪኝ። መሣሪያውን አይመልሰውም። ትልቁን መነጽርም ሌላ ቦታ ተክለውታል። ግን ያ ወረቀት የእሱ ስም አለበት፤ ከሥሩ የሚያያዝ ነገር ያስፈልገዋል።»

ትናንት ደብተሩን አወጣሁ። የግንቦቱን ገጽ ገለጥኩ። «ካፊያ። ጭጋግ ትንሽ። ጉሬዛ የለም። ዶሮ የለም።» ይላል የራሴ ጽሕፈት። ከሦስቱም ማለዳ ሥር ያኔ ልጽፈው የሚገባኝን ጻፍኩ፤ «በመስታወቱ አፍ ላይ ላስቲክ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ስሜንም ጨመርኩ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ደብተሩን ለመስጠት ስወጣ ጓሮው ጤዛ ይዟል። ቱቦው ይቆምበት በነበረው ቦታ ሣሩ በቅሎበታል። ማዶ አፋፉ ላይ እያንዳንዱ ዛፍ ለብቻው ይታያል። ሣሩን አቋርጬ ወደ መንገዱ ወጣሁና ዞሬ አየሁት፤ የረገጥኩበት ሁሉ ይታወቃል።